ሁለተኛ ጥሪ

የኅብር የለቅሶ አገልግሎት ድርጅት ሪፖርት እንደሚለው የአቶ ወልደአረጋይ እንግዳሸት ቀብር ያለ አንዳች ጉድለት ተፈጽሟል። ጥሪው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሰፈሩ ቤቶች ሁሉ ተሰምቷል። አስከሬኑ ከሆስፒታል በሰዓቱ ወጥቷል። አዳራሹ ተነጥፎ ተገኝቷል፤ ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ቀርቧል። በቀብሩ ላይ ከስልሳ በላይ ሰው ተገኝቶ አልቅሷል።

ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ ግን ማንም አልመጣም ይላሉ።

ሁለቱም እውነት ነው። ያለቀሱት ሰዎች የመጡት ከሸኚ አገልግሎት ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ደረታቸውን መትተዋል፤ አፈር ሲገባ ድምፃቸውን ከፍ አድርገዋል፤ ከዚያም ልብሳቸውን አራግፈው ወደሚቀጥለው ቀብር ሄደዋል። ሥራቸውን አላጓደሉም። እትዬ ዘነቡ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ በአዳራሹ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው በር በሩን ሲያዩ፣ ዕድሜያቸውን አብረው ከገፉት የቆርቆሮ ሰፈር ሰዎች አንድ እንኳ በዚያ በር አልገባም።

ዕፀገነት ሙላቴ ይህን የሰማችው ሥራ ቦታዋ ላይ ነው። ሥራዋ ሞት መጥራት ነው። በየማለዳው አንዲት ጠባብ ክፍል ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ፊት ለፊቷ የሚመጣላትን ስም፣ አዳራሽና ሰዓት ታነባለች። ድምጿ ኅብር ውስጥ በገቡት አርባ እድሮች፣ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰማል። መጀመሪያ በተሠራ ድምፅ ተሞክሮ ነበር። አባላቱ ሌላው ሁሉ ይሁን፣ ሞትን ግን ሰው ይጥራልን ብለው እምቢ ስላሉ ሰው ተቀጠረ።

በድርጅቱ ውስጥ ዕፀገነት ብሎ የሚጠራት የለም። «ጥሪ» ነው የምትባለው። ጥሪ ገብታለች፤ ጥሪ ምሳ ወጥታለች፤ ጥሪ ጉንፋን ይዟታል። እሷም ሌሎቹን የምታውቃቸው እንዲሁ በሥራቸው ነው፤ መዝገብ፣ ድንኳን (አዳራሹንም የሚያነጥፈው እሱ ነው)፣ ምግብ፣ ሸኚ፣ ጉድጓድ። ጉድጓድ ረጅም፣ ሳቂታ ሰውዬ ነው። ካፍቴሪያው ውስጥ ለዓመታት ፊት ለፊት ተቀምጠው በልተዋል፤ ሚስት ይኑረው አይኑረው ግን አታውቅም። መጠየቅ በሥራ ደንብ የተከለከለ አይደለም። ነውር ነው እንጂ። አንዱ አገልግሎት የሌላውን ውስጥ አያይም፤ ይጠይቃል፣ መልሱን ይቀበላል፣ በዚያው ያበቃል። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚነገረው ይህ ነው።

ከዚህ በፊት የነበረውን የሚያስታውስ ሰው አሠራሩን በቀላሉ ሊያማው አይችልም። ድሮ እያንዳንዱ እድር የራሱ ድንኳን፣ የራሱ ድስት፣ የራሱ አግዳሚ ወንበር ነበረው። ዕቃው መጋዘን ውስጥ አይጥ ሲበላው ይከርምና ሁለት ሰው በአንድ ቀን ሲሞት አይበቃም። የጎረቤት እድር ድንኳን እዚያው አጥር ማዶ ተጠቅልሎ ተቀምጦ፣ የዚህኛው ለቀስተኛ ዝናብ ይመታዋል። ሊቀ መንበሩ የተቀየመው ሰው አባቱ ሲሞት ያንን ቅያሜ ያገኘዋል። ኅብር መጥቶ ድንኳኑን ለብቻ፣ ምግቡን ለብቻ፣ ሸክሙን ለብቻ ነጣጥሎ ለሁሉም በጋራ አቀረበው። ሥራ ፈቶ የሚያድር ድንኳን የለም። ምግብ አቅራቢው ቢለወጥ ድንኳኑ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። እድሮቹ ጥቅሙን አይተው አንድ በአንድ ገቡ። ከእድሮቹ በኋላ ከተማው ገባ፤ ትምህርት ቤቱም፣ ክሊኒኩም፣ ሠርጉም። ዛሬ ልጅን ከትምህርት ቤት የሚያመጣው ሰው የልጁን ስም አያውቅም። የሚያውቀው የትኛው በር ላይ እንደሚያስረክበው ነው። እስካሁን የጠፋ ልጅ የለም።

ቅሬታ ሲመጣ እያንዳንዱ አገልግሎት በየተራው ይጠየቃል። ድንኳን ተጠይቆ መልሷል፤ ምግብም ሸኚም መልሰዋል። የዕፀገነት ተራ ሲደርስ ኃላፊዋ በእምነት ወደ ቢሮው ጠርቷት የቅሬታውን ድምፅ ከፈተላት። በእምነት ጨዋ ሰው ነው፤ ሰው ላይ ጮኾ አያውቅም። ከሷ የሚፈልገው ጥሪው መጠራቱን እንድታረጋግጥ ብቻ ነበር።

ድምፁ የአሮጊት ነው። «እኔ የምከሰው ሰፈሬን ነው» ይላል። «አዳራሹን አይደለም፣ ምግቡንም አይደለም። የቆርቆሮ ሰፈርን ሰው ነው። ቁልፌ የማንን በር ነው ያልከፈተው? ተቆልፎብኛል ላለው ሁሉ ጋቢውን ደርቦ እየወጣ የከፈተ ሰው ነው። እሱ ሲሞት የሱን በር የሚገፋ ይጥፋ?»

ዕፀገነት ድምፁን ከመጀመሪያው ቃል ነው ያወቀችው። «ቁልፌ» የሚለውን ስም ስትሰማ ደግሞ የሞተው ማን እንደሆነ ገባት።

እናቷ የማታ ፈረቃ ትሠራ ስለነበር ዕፀገነት ያደገችው በእትዬ ዘነቡ ቤት ነው። ፊደል ያስቆጠሯት፣ ስታተኩስ አቅፈው ያደሩት፣ ስትዳር በአባቷ ቦታ የቆሙት ጋሽ ቁልፌ ናቸው። ቁልፍ ሠሪ ነበሩ፤ ሰፈሩ በሥራቸው ስም አወጣላቸውና በዚያው ቀረ። ቆርቆሮ ሰፈር ውስጥ ሰው በመታወቂያ ስሙ አይጠራም። ማንጠግቦሽ የሚሏት ሴት ማንጠግቦሽ አይደለችም፤ ሻለቃ የሚሉት ሰው አንድ ቀን ወታደር ሆኖ አያውቅም። የጋሽ ቁልፌን የመታወቂያ ስም የሚያውቁት ሚስታቸው ብቻ ነበሩ። ጋሽ ቁልፌ ታመው ሆስፒታል ሲተኙ ዕፀገነት ከእትዬ ዘነቡ ጋር ሄዳ ጠይቃቸው ነበር። እጇን ይዘው የቤቷ በር እንደ ድሮው ይጮኽ እንደሆነ ጠየቋት፤ ስድን እመጣና ዘይት አደርግልሻለሁ አሏት። ከዚያ ወዲህ ጥሪ በዝቶባት አልተመለሰችም። እስካሁን በሕይወት ያሉ መስሏት ነበር።

አቶ ወልደአረጋይ እንግዳሸት። ስሙን ማንበቧን ታስታውሳለች። የአባትየው ስም ላይ ምላሷ እንዳይሰናከል ሁለት ጊዜ ለብቻዋ ተለማምዳዋለች። ጥሩ አድርጋ ነበር የጠራችው። ከክፍሏ ወጥታ ፍርፍር በላች፤ ማታ ደግሞ ከባሏ ጋር ስለ ካውያ ተጨቃጨቀች።

«ጥሪው ተጠርቷል?» አላት በእምነት።

«ተጠርቷል» አለች። ለዓመታት የለመደ አፏ ነው የመለሰው።

በእምነት አመስግኗት ድምፁን ዘጋ።

ከቢሮው ወጥታ በቀጥታ ወደ ቆርቆሮ ሰፈር ሄደች። ቆርቆሮ ሰፈር ቆርቆሮ ካጣ ቆይቷል፤ አሁን ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ረጃጅም ሕንፃዎች ነው። ቤቶቹ ሲፈርሱ ነዋሪው ስሙንም ቅጽሉንም ይዞ ወደ ላይ ወጣ፤ መሀል መሀሉ ላይ የማይታወቅ ሰው ገባበት። ምድር ቤት ሱቅ ያለው ከድር ግን የድሮ ሰው ነው። ዕፀገነትን ገና ከሩቅ ሲያያት ጋሽ ቁልፌ ተሻላቸው ወይ ብሎ ጠየቃት። የሱቁ መዝጊያ ጓጉንቸር እንደገና ጠሟል፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው እሳቸውን እየጠበቀ ነው። ደግሞም እትዬ ዘነቡን ሊፍት ውስጥ አግኝቷቸው ይህንኑ ቢጠይቃቸው መሬት ላይ ምራቃቸውን ተፍተው ወረዱ። ምን እንዳስቀየማቸው እስካሁን አልገባውም።

ዕፀገነት እዚያው ቆማ ነገረችው።

ከድር የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። የጠመመውን ጓጉንቸር እጁ ውስጥ ሲያገላብጥ ቆየ።

«ሰምቻለሁ እኮ» አለ በመጨረሻ። «አንቺው ነሽ የጠራሽው። ዳቦ እየደረደርኩ ነበር። አላህ ይዘንለት አልኩና ከነዚህ ከአዲሶቹ አንዱ ነው ብዬ ዳቦዬን መደርደር ቀጠልኩ። ሸኚ አለ አይደል?»

እንግዲያው አሁን እንውጣና ለቅሶ እንድረሳቸው አለችው። ራሱን ነቀነቀ። እትዬ ዘነቡ ጥሪው በየቤታችን መሰማቱን ያውቃሉ አላት። ስሙም ለሳቸው የባላቸው ስም ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስላቸዋል። አሁን አንድ በአንድ እየሄድን ብናንኳኳ በቅሬታው ተገድደን የመጣን ነው የሚመስለው። ሌላው ሰውም ቢሆን ይፈራል፤ ሰምቶ የቀረ ሰው በየትኛው ፊቱ ይገባል?

«እድሩ እንደገና ይጥራልን» አለ ከድር። «በምናውቀው ስማቸው ይጥራልን። እትዬ ዘነቡም ከኛ ጋር እኩል ይስሙ። ያኔ ሁሉም ይወጣል፤ ካልወጣ እኔ አወጣዋለሁ።»

ዕፀገነት ግን መውጣቱን አልተወችም። አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ በሩ የሰንሰለቱን ያህል ብቻ ተከፈተ። እትዬ ዘነቡ ከስተዋል። ጥቁር ሻሻቸው ግንባራቸው ድረስ ወርዷል። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ብትሞክር ሰንሰለቱ አላስጠጋ አላት።

«አንቺን ነበር የምጠብቀው» አሉ። «ሌላው ይቅር። በዚያ ማለዳ በግድግዳው ድምፅሽን ስሰማ ልጄ ጠራችለት፣ እንግዲህ መንገድ ላይ ናት አልኩ። እንጀራ አስቀመጥኩልሽ፣ ይገባሻል? ለዚያ ሁሉ የማላውቀው ሰው ሲቀርብ አንዷን ለብቻዋ ሸፍኜ አስቀመጥኩልሽ።»

«አላወቅኩም፣ እትዬ።»

«በገዛ አፍሽ ስሙን ጠርተሽ?»

«ያንን ስም አላውቀውም። እኔ ጋሽ ቁልፌን ነው የማውቀው። ከድርም፣ ሰፈሩም እንደዚያው ነው። እርስዎ ብቻ ነዎት የሚያውቁት።»

እትዬ ዘነቡ ትኩር ብለው አዩዋት። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሊፈታ ሲል ተመልሶ ተቋጠረ። እዚያ መሥሪያ ቤትሽ መዋሸትም አስተማሩሽ አሏትና በሩን ዘጉት። መቀርቀሪያው ሲገባ ድምፅ የለውም፤ ጋሽ ቁልፌ ዘይት ያጠጡት መቀርቀሪያ ነው።

ዕፀገነት ደረጃውን በእግሯ ወረደች። በየፎቁ ንዴቷ ከፍ እያለ መጣ እንጂ አልበረደም። ከሁሉ ይልቅ የሚያበሳጫት ንዴቱን የምታሳርፍበት ሰው ማጣቷ ነበር።

በማግስቱ በእምነት ጋር ገባችና ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳችው። አላቋረጣት። ሲያዝን ታየዋለች፤ ይህም ንዴቷን አባሰው። ሁለተኛ ጥሪ እንዲፈቅድላት ለመነችው፤ አንዲት ደቂቃ፣ ለዚያ ሰፈር ብቻ፣ ሰውየው በሚታወቁበት ስም።

አይሆንም አላት። አንድ ሞት አንድ ጊዜ ነው የሚጠራው፤ የተጠናቀቀ ጥያቄ ተመልሶ ቢመጣ «ተጠናቋል» የሚል መልስ ብቻ ነው የሚያገኘው። እንዲህ የተደረገው በምክንያት ነው። ድሮ አንዱ ጥያቄ ሁለቴ እየሄደ፣ ለአንድ ሬሳ ሁለት ጉድጓድ ይቆፈር ነበር።

«ታዲያ ያጠፋው ማነው?» አለችው።

«ማንም አላጠፋም። መዝገብ ስም ተጠየቀ፣ ትክክለኛውን ስም ሰጠ። አንቺ የተሰጠሽን ስም አነበብሽ። ሸኚ ለቀብር ሰው ተጠየቀ፣ ሰው ላከ።»

«ድሮ እኮ ስም ብቻ አልነበረም የሚጠራው። የእገሌ አባት፣ የእገሊት ባል፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ያሉት እየተባለ ነበር።»

በእምነት እሱንም ያውቃል። እድሮቹ ሲሰባሰቡ አንዱ በልጅ ስም ይጠራል፣ አንዱ በሥራ፣ አንዱ በቅጽል፣ አንዱ በትውልድ አገር። ጥሪ አርባውንም ማገልገል ካለበት ሁሉም የሚጋሩት ብቻ መቅረት ነበረበት። የተጋሩት ደግሞ ስም፣ አዳራሽና ሰዓት ነበር። ሌላውን አወጣነው አላት።

«ያወጣችሁት ሰውየውን ነው» አለችው።

ከዚያ ስለ እናቱ ነገራት። ከዚህ በፊት ነግሯት አያውቅም። እናቱ የሞቱት በድሮው አሠራር ነው። ሊቀ መንበሩ ከአባቱ ጋር በአጥር ተጣልቶ ስለነበር ድንኳኑ ተቀደደ ተብሎ ቀረ፤ ሬሳው ዝናብ ሲመታው እሱ በልጅነቱ በፕላስቲክ ሸፍኗል። የሚያውቁኝ ሰዎች ናቸው ይህን ያደረጉት አላት። የማያውቀኝ ሰው ድንኳኔን አይከለክለኝም።

ዕፀገነት አመነችው። እውነቱን ነው። ሊቀ መንበሩንም ጠላችው፤ ለበእምነትም አዘነችለት፤ ንዴቷ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። የሱ እናት ዝናብ የመታቸው ለጋሽ ቁልፌ ማንም እንዳያለቅስላቸው አልነበረም።

ቅሬታውን በከንቱ እንደማይተወው ቃል ገባላት። በሚቀጥለው ማሻሻያ ጥሪ ላይ አንድ ተጨማሪ ቦታ እንዲከፈት ሐሳብ ያቀርባል፤ ቅጽል ስም የሚገባበት። እስከዚያ ግን እንድትጠነቀቅ መከራት። ከክፍሉ ውጭ ሞት የጠራ ሰው ጥሪ መሆኑ ያበቃል፤ ይህን ስትቀጠር ፈርማለች።

«ብሄድስ?» አለችው።

«ሌላ ሰው በማግስቱ ይገባል» አላት። «እውነቱን ልንገርሽ፣ እድሮቹ መለወጥሽን እንኳ አያውቁም። የአሠራሩ ጥሩነት ይኸው ነው።»

ሊያስቀይማት ብሎ አልነበረም። ሰው እንዳትጎዳ ሲመክር እንደሚናገረው ነው የተናገረው። ዕፀገነት ተነሥታ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰችና፣ ነገ ጠዋት ሌላ ሰው እንዲያስገባ ነገረችው። የነገ ሟቾች ሳይጠሩ እንዳይቀሩ ብላ ነው።

በማግስቱ ንጋት ላይ በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል ባለው ግቢ ቆማ ነበር። ከድርም እንደተነጋገሩት ከሱቁ ፊት ለፊት ቆሟል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግድግዳዎቹ ተናገሩ። ከየመስኮቱ የአዲሷ ሴት ድምፅ ወጣ፤ ስም፣ አዳራሽ፣ ሰዓት። ጥሩ ድምፅ ነው፣ የተረጋጋ። አንድ መስኮት አልተከፈተም። ከላይ የሆነ ቤት ውስጥ ሰው ነፍስ ይማር ሲል ተሰማ፤ ከዚያ የሰሃን ድምፅ ቀጠለ። በእምነት ትክክል ነበር።

ዕፀገነት ጥሪው እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ለከድር በራሷ ምልክት ሰጠችው።

ከድር ጓጉንቸሩን አንሥቶ የሱቁን የብረት መዝጊያ ይመታው ጀመር። ድምፁ በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል እየተላተመ ወጣ። መስኮቶች ተከፈቱ። የሚሳደብም ነበረ፤ ከድር አበድክ ወይ ያለውም ነበረ። ከድር እሳት መስሎ መምታቱን ቀጠለ፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሮ ይታያል። ብዙ ጭንቅላት ሲወጣ አቆመ።

የዕፀገነት ድምፅ ያለ ክፍሉ ቀጭን ነበር። መጀመሪያ ተቆራረጠባት። ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደገና ጀመረች።

«የቆርቆሮ ሰፈር ሰው፣ ስሙኝ። ጋሽ ቁልፌ ሞተዋል። ቁልፍ ሠሪው ጋሽ ቁልፌ፣ የእትዬ ዘነቡ ባል፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ያሉት። በራችሁን የከፈቱላችሁ ሰውዬ ናቸው።»

ከዚያ ከግራው ሕንፃ ከፍ ካለ ቦታ አንዲት ሴት «ማን?» አለች፤ ድምጿ ተሰበረ። ሌላ መስኮት ላይ ያለ ሽማግሌ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ደረጃ ላይ የሚሮጥ እግር ተሰማ።

«ሞተው ተቀብረዋል። ጠርቼላችሁ ነበር፤ ሰምታችሁም ነበር። በማታውቁት ስም ነው የጠራሁት። እኔም አላወቅኳቸውም። ጠርቻቸው ቁርሴን በላሁ።»

አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ አንድ መስኮት ተከፈተ። ጥቁር ሻሽ ታየ። እትዬ ዘነቡ ጎንበስ ብለው የተመለከቱት ዕፀገነትን አልነበረም። በየመስኮቱ የሚያለቅሰውን፣ በየደረጃው የሚወርደውን፣ ጓጉንቸሩን እንደያዘ መሬት ላይ የተቀመጠውን ከድርን ነበር።

ዕፀገነት ወደ ላይ ቀና አለች።

«ለቅሶው ዛሬ ነው፣ አዳራሽ የለም፣ በቤታቸው ነው። የጠራኋችሁ የሙላቴ ልጅ ዕፀገነት ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ የማላውቀውን ሰው ሞት አልጠራም።»